ስልክ ቁጥሩ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ነበር

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው ሰሞን አንድ አንባቢያችሁ ስለ ካውንስለሮች (ስለ ሥነ ልቦና አማካሪዎች) የጻፉትን አነበብኩ። ብዙውን እስማማበታለሁ። አንድ ቦታ ላይ ግን ሻዬን አስቀምጬ ደግሜ አየሁት። ካውንስለር የሰው ጭንቀት ያዳምጥ፣ የቤት ኪራይ፣ የትምህርት ቤትና የኢንሹራንስ ጣጣ የጠበቃና የፖለቲከኛ ሥራ ነው ይላሉ። «ማኅበራዊ ፍትህ» የሚባለው ነገር ክሊኒክ ውስጥ መግባቱም አዲስ ፋሽን ሆኖ ነው የታያቸው። አልፈርድባቸውም። እኔም ስማር እንደዚያው ነበር የማስበው። ማኅበራዊ ፍትህ ሲባል ሰልፍና መፈክር ነበር የሚታየኝ።

ሥራዬ ካውንስለርነት ነው። ከጀመርኩ አሥር ዓመት አልፎኛል። ወደ እኔ የሚመጡት አብዛኞቹ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከአሌክሳንድሪያና ከዋሽንግተን ዲሲ የሚመጡ አማርኛ ተናጋሪዎች ናቸው። ሐሳቤን ያስቀየረኝ መጽሐፍ አይደለም። አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነች። (ሰዎቹ እንዳይታወቁ አንዳንዱን ነገር ቀይሬዋለሁ።)

ተለማማጅ ነበርኩ። ስሙን በማልጠቅሰው ክሊኒክ ውስጥ ጥግ ላይ ወንበር ተሰጥቶኛል። ማስታወሻ ከመያዝ በቀር አፌን እንዳልከፍት ተነግሮኛል። አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር ገቡ፤ ነጠላቸውን ከኮታቸው በላይ ጣል አድርገዋል። ቴራፒስቷ አሜሪካዊት ናት፣ ደግ ሴት፣ ክፋት የሌለባት። «ኢንግሊሽ?» ብላ ጠየቀች። ልጅቷ «እኔ አስተረጉማለሁ» አለቻት። በቃ፣ በዚሁ ተጀመረ።

ልጅቷ የሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቶቿ ጎትታ ጫፉን እያኘከች ነበር የምታስተረጉመው። መጀመሪያ ቀላሉ መጣ። ዕድሜ፣ አድራሻ፣ የሚወስዱት መድኃኒት። ከዚያ ቴራፒስቷ ፎርሙ ላይ ያለውን የግድ ጥያቄ ጠየቀች፤ ራስዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ? ልጅቷ ዝም አለች። እናቷን አየቻት። ከዚያ «እማዬ፣ እንቅልፍ ይወስድሻል ወይ እያለችሽ ነው» አለች። እናትየው «ተመስገን በያት» አሉ። ልጅቷ ዞር ብላ «ኖ» አለች። ቴራፒስቷ ሳጥኗ ላይ ምልክት አደረገች።

እኔስ? ዝም አልኩ። ሃያ ደቂቃ ያህል፣ እስኪያልቅ ድረስ ዝም አልኩ። ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይግላል።

ሲወጡ ኮሪደር ላይ ተከተልኳቸውና «እንደምን ዋሉ እናቴ» አልኳቸው። እጄን ያዙኝ፣ አለቀቁኝም። «ውይ ልጄ፣ የእኛ ሰው ነሽ እንዴ!» አሉ። ልጅቷ ወዲያው ስልኳን አውጥታ ግድግዳ ተደግፋ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ከትከሻዋ ላይ የጤፍ ጆንያ የወረደላት ነው የምትመስለው። እናትየው የነገሩኝን እዚህ አልጽፈውም። ጥያቄው በትክክል ደርሷቸው ቢሆን ኖሮ መልሱ «ኖ» አልነበረም። ይሄ ይበቃል።

አለቃዬ ሲሰማ ደነገጠ። እናትየውን በዚያው ዕለት አስቀምጠን በደንብ አነጋገርናቸው፣ ከዚያ በእሱ ክትትል እኔ ያዝኳቸው። ተፈታ፣ አይደል? እኔም ተፈታ ብዬ ነበር። በሳምንቱ ሐሙስ አንድ የቬትናም ልጅ አያቱን እጃቸውን ይዞ ሲገባ አየሁ። ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው።

ያኔ ነው መጠያየቅ የጀመርኩት። ለካ ክሊኒኩ ከስልክ አስተርጓሚ ድርጅት ጋር ውል አለው! ስልክ ተደውሎ ቋንቋው ከተነገረ አስተርጓሚ መስመር ላይ ይመጣል። ቁጥሩ እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ፣ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ተለጥፏል። ወረቀቱ ዳር ዳሩ ቢጫ ሆኗል። የበፊቷ ሠራተኛ ስትለቅ ለአዲሷ የነገራት አልነበረም። ማንም ተንኮል አላሰበም። ማንም የእኔ ጉዳይ ነው አላለም እንጂ።

የመመዝገቢያ ፎርሙ ላይ «በየትኛው ቋንቋ መነጋገር ይፈልጋሉ?» የምትል አንድ መስመር ለማስገባት አራት ወር ፈጀብኝ። ኢሜይል፣ ስብሰባ፣ «እናየዋለን»፣ እንደገና ስብሰባ። ሰልፍ አልወጣሁም። መፈክር አልያዝኩም። አንድ መስመር ነው ያስገባሁት። በእኛ ሙያ አድቮኬሲ (ለደንበኛ መሟገት) የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ይሄን ነው የሚመስለው። ለወሬ እንኳን አይመችም።

እንግዲህ ጸሐፊው ይንገሩኝ። ያ የጠበቃ ሥራ ነበር? ጠበቃ ያን ቀን እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። የነበርኩት እኔ ነኝ።

ሕጉም ቢሆን ከእኛ ጋር ነው። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ተቋም ሰውን በትውልድ አገሩ የተነሳ እንዳያገል የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ይከለክላል፤ የቋንቋ ጉዳይም እዚያ ውስጥ ይገባል። ኦባማ ኬር የምንለው የጤና መድን ሕግ ክፍል 1557 አለው። በእሱ መሠረት በ2016 የወጣውና በ2024 የታደሰው ደንብ፣ ከድንገተኛ አደጋ በስተቀር፣ የጤና ተቋማት ሕፃን ልጅን አስተርጓሚ እንዳያደርጉ በግልጽ ይከለክላል። ሜዲኬድ (የዝቅተኛ ገቢ ሰዎች የመንግሥት መድን) ወይም ሜዲኬር (በዋናነት የአረጋውያን የመንግሥት መድን) የሚቀበል ክሊኒክ ሁሉ ይመለከተዋል። ዲሲ ደግሞ ከ2004 ጀምሮ የራሷ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አላት። አንድ የከተማው መሥሪያ ቤት ከሚያገለግለው ሕዝብ 3 በመቶው ወይም 500 ሰው፣ ከሁለቱ ያነሰው፣ አንድ ቋንቋ የሚናገር ከሆነ ዋና ዋና ሰነዶቹን በዚያ ቋንቋ ማቅረብ አለበት። በከተማው ቢሮዎች አማርኛ ከስፓኒሽ፣ ከቻይንኛ፣ ከቬትናምኛ፣ ከኮሪያንኛና ከፈረንሳይኛ ጋር የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ይሄ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ሰዎች ለፍተውበታል።

ሌላ ሰው ልጨምር። ኡበር የሚነዳ አባወራ ነው። እንቅልፍ እምቢ ብሎት መጣ። ጭንቀት ነው ብለን ያዝነው። አተነፋፈስ አስተማርኩት፣ ከመኝታ በፊት ስልክ እንዳያይ ነገርኩት፣ ቡናውን አስቀነስኩት (ይሄኛው ነው የከበደው)። በአራተኛው ሳምንት እንዴት ነህ ስለው ሳቀ። «እህቴ፣ አተነፋፈሱንስ ችዬዋለሁ። ያልሠራው ማሞቂያው ነው» አለኝ። ጥር ወር ነው። ሁለት ልጆቹ ከነጃኬታቸው ነው የሚተኙት። እሱ ሌሊት እየተነሳ ያለብሳቸዋል። አከራዩ እንዳይቆጣ ብሎ ቅሬታ አላስገባም፤ «ከቤት ቢያስወጣኝስ?» ይላል።

አራት ሳምንት ሙሉ የተሰበረ ማሞቂያ በትንፋሽ ላሞቅ ስሞክር ከርሜያለሁ ማለት ነው።

ከዚያ ምን አደረግን? ስልኩን አንስቼ እኔ አልደወልኩለትም። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ወደ ከተማው የቤቶች ቁጥጥር ክፍል የደወለው እሱ ራሱ ነው፣ እኔ ቢሮ፣ እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ። እንግሊዝኛው ሲያጥረው ወረቀት ላይ ቃል እጽፍለት ነበር። ተቆጣጣሪው መጣ፣ ማሞቂያው ተሠራ። እንቅልፉ ሙሉ በሙሉ ተመለሰ ብዬ አልዋሽም፤ ሌላም የሚያስጨንቀው ነገር ነበረው። ግን እሱን ማውራት የቻልነው ልጆቹ ጃኬታቸውን ካወለቁ በኋላ ነው።

የአሜሪካ የካውንስሊንግ ማኅበር በ2003 ያጸደቀው የአድቮኬሲ መመሪያ ይሄንን ልዩነት ያውቀዋል። ከሰውየው ጋር ሆኖ መሥራት አለ፣ ስለ ሰውየው ሆኖ መናገር አለ። ሥራውም ከአንድ ደንበኛ ይጀምርና ወደ ትምህርት ቤቱና ወደ ማኅበረሰቡ፣ ከዚያም ወደ ሕግ አውጪው ይሰፋል። የማኅበሩ የ2014 የሥነ ምግባር ደንብም እንዲሁ ነው። ካውንስለር ደንበኛውን የሚያግዱ መሰናክሎች ሲያይ፣ ተገቢ በሆነበት ጊዜ፣ እንዲነሱ ይሟገታል ይላል። ቀጥሎም ስለ አንድ ማንነቱ ስለሚታወቅ ደንበኛ ከመሟገቱ በፊት ፈቃዱን ይቀበል ይላል። እዚያው ደንብ ውስጥ የራስህን እምነት ደንበኛህ ላይ አትጫን የሚልም አለ። ስለዚህ የአንባቢያችሁ ፍርሃት መሠረት የለውም አልልም። ፖለቲካውን ይዞ ክፍል ውስጥ የሚገባ ካውንስለር አይቻለሁ። ሰውየው ስለ ሞተች እናቱ ሊያወራ መጥቶ ስለ ምርጫ ሲሰማ ውሏል። እሱን እኔም እቃወማለሁ። ግን ያ ሌላ፣ ይሄ ሌላ።

ፋሽን ነው ለሚለው ደግሞ፣ ይሄ ሙያ እዚህ አገር የተጀመረው በዚሁ ነው። ፍራንክ ፓርሰንስ በ1908 ቦስተን ውስጥ የሥራ መምረጫ ቢሮውን ሲከፍት፣ ቤቱ በስደተኞች በተሞላው በኖርዝ ኤንድ ሰፈር የነበረ የማኅበረሰብ መርጃ ቤት ነው። የሚያማክራቸው ሠራተኞችና የስደተኛ ልጆች ነበሩ፤ ልክ እንደ እኛ ልጆች። የሥራ ምክርና የሠራተኛው ኑሮ ለእሱ የተለያዩ አልነበሩም። በዓመቱ ሳይደርስ ሞተ፣ ሥራው ቀጠለ።

እኛስ ብንሆን ይሄን መቼ አጣነው? የአገራችን ሽማግሌ እግር አለው። ቤትህ መጥቶ «ታገስ» ብሎህ ብቻ አይሄድም። ተነስቶ ባላጋራህ ዘንድ ይሄዳል፣ ደጅ ይጠናል፣ አማላጅ ይሆናል፣ እንቢ ሲባል በማግስቱ ይመለሳል። ምክርና ሽምግልና አብረው ነው የሚሄዱት። ሽማግሌን ሁሉ ላመሰግን ግን አልችልም። ባሏ የሚደበድባትን ሴት «ቻይው» ብለው የሚመልሱ ሽማግሌዎችም ነበሩን፣ አሁንም አሉ። ፍትህ የሌለበት ምክር ምን እንደሚመስል ከእኛ በላይ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። እስከ 2023 መጨረሻ ድረስ ሜዲኬር ለእንደ እኔ ዓይነት ካውንስለር አይከፍልም ነበር። ለሳይካትሪስት፣ ለሳይኮሎጂስትና ለሶሻል ወርከር ይከፍላል፣ ለእኛ አይከፍልም። ይሄ ደረቅ የክፍያ ጉዳይ ይመስላል። ለእኔ ግን ባለቤታቸው የሞቱባቸው አንድ አባት ናቸው። ስልክ ደውለው «ልጄ፣ አንቺ ትቀበይኛለሽ?» አሉኝ። ካርዳቸው አይሠራም። ከኪሳቸው ልክፈል አሉ፤ ጡረታቸውን አውቀዋለሁ። ካርዳቸውን የሚቀበል አማርኛ ተናጋሪ ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ጋ ላኳቸው፤ አንድ ቀን ሄደው ቀሩ። «ሐዘን በእንግሊዝኛ አይወጣልኝም» ነው ያሉት። ካውንስለሮች ለዓመታት ኮንግረስን ሲጎተጉቱ ቆይተው ሕጉ በዲሴምበር 2022 ወጣ፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ሜዲኬር መክፈል ጀመረ። እኔም ለተወካዬ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፣ ቢሯቸውም ሄጃለሁ። ያ ፖለቲካ ከሆነ፣ እሺ፣ ፖለቲካ ውስጥ ገብቻለሁ።

አሁን ከእናንተ የምፈልገውን ልናገር። በየሳምንቱ የቤት ሽያጭና የታክስ ማስታወቂያ ታወጣላችሁ። ከጎኑ ትንሽ ቦታ ስጡን። ሐኪም ቤት፣ ክሊኒክና የመንግሥት ቢሮ ስትሄዱ በነፃ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አላችሁ፣ በልጆቻችሁ አታስተርጉሙ የሚል ይሁን። ዲሲ ውስጥ የከተማው መሥሪያ ቤት ቢከለክላችሁ ለከተማው የሰብዓዊ መብቶች ቢሮ አቤት ማለት እንደሚቻል ይጨመርበት። ሌሊት ለጨነቀው ደግሞ ወደ 988፣ ራስን የማጥፋትና የጭንቀት ጊዜ የእርዳታ መስመር፣ ደውሎ «አምሃሪክ» ቢል በስልክ አስተርጓሚ እንደሚያገናኙት ጻፉ።

ወላጆች ደግሞ ልጃችሁ እንግሊዝኛ አቀላጥፋ መናገሯ ያኮራል፣ አውቃለሁ። ግን ቤት ስትደርሱ ሐኪሙ ምን ብሎ እንደጠየቃችሁ አትጠይቋት። መጀመሪያውኑ አታስገቧት። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ሠራተኛ አስተርጓሚ የለንም ካለቻችሁ ቶሎ አትመኗት። ከኮምፒውተሩ ጀርባ እንድታይ በትህትና ንገሯት።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት ካውንስለር
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ