ድጋሚ መፈተን መውደቅ አይደለም፤ ያለ ምክንያት መመዝገብም አይገባም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ወደ ውጭ አገር የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ለማመልከት ጂማት የተባለውን ፈተና የወሰዱ ወጣት የባንክ ባልደረቦቼ ውጤታቸው በደረሳቸው ማግስት የሚያነሡልኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ድጋሚ ልፈተን ወይስ ባለኝ ላመልክት?» ይሉኛል። እኔም በዚሁ ጥያቄ ተጨንቄ ያለፍሁ በመሆኔ፣ ያየሁትን ለአንባቢዎቻችሁ ለማካፈል እወዳለሁ።

እኛ ያደግነው ፈተና ማለት ማለፍ ወይም መውደቅ በሆነበት ሥርዓት ውስጥ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ በሆኑበት አገር፣ «ድጋሚ ሊፈተን ነው» የሚለው ወሬ በቤተሰብና በመሥሪያ ቤት «ወደቀ» ተብሎ ቢተረጎም አይገርምም። ጂማት ግን የማለፊያ ነጥብ የለውም። ከ205 እስከ 805 በሚደርሰው መለኪያ የተገኘ ውጤት ትርጉም የሚኖረው የሚያመለክቱበት ትምህርት ቤት በቅርቡ ከተቀበላቸው ተማሪዎች ውጤት ጋር ሲነጻጸር ነው። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የቀረው አሮጌው ፈተና ከ200 እስከ 800 ይለካ ስለነበር፣ ታላላቆቻችን የሚያወሱት 700 በአዲሱ መለኪያ 645 አካባቢ መሆኑን ሳያውቁ በመልካም ውጤታቸው አንገታቸውን የደፉ ወጣቶች አጋጥመውኛል፤ ይህም እጅግ ያሳዝነኛል።

እኔ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ያመጣሁት 575 ነበር። መጀመሪያ የታሰበኝ ሒሳብን ከሥሩ ጀምሮ እንደገና ማጥናት ነው፤ ዝርዝሩን ስመለከት ግን ለየክፍሉ ከ60 እስከ 90 ከሚሰጠው ነጥብ ሒሳቡ 83፣ ቋንቋው 79፣ የመረጃ ትንተናው ደግሞ 73 ሆኖ አገኘሁት። ሦስቱ ክፍሎች በጠቅላላው ውጤት ላይ እኩል ክብደት ሲኖራቸው፣ እኔ ለሦስተኛው የሰጠሁት ጊዜ ከዝግጅቴ አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም ነበር። በ45 ደቂቃ መሠራት የነበረባቸው 20 ጥያቄዎች አላልቅ ብለውኝ፣ የመጨረሻዎቹን አምስት በግምት መልሼ መውጣቴም ትዝ አለኝ። ሠንጠረዥና ግራፍ ማንበብን ሰዓት ይዤ ለወራት ተለማምጄ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ስመለስ፣ ሒሳቡ ከነበረበት ሳይንቀሳቀስ ቋንቋውም የመረጃ ትንተናውም 80 ሆኑ፤ ጠቅላላው 625 ደረሰ። ሒሳቡን ብቻ ደግሜ አጥንቼ ቢሆን ኖሮ ብዙም ፈቅ የምል አይመስለኝም።

ወጪው ቀላል አልነበረም። 275 ዶላር ገደማ የሆነውን ክፍያ ሁለቱንም ጊዜ የከፈለችልኝ ሜሪላንድ የምትኖረው እህቴ ናት። የመጀመሪያው በባንክ ምንዛሪ ሲሰላ 16 ሺህ ብር አይሞላም ነበር፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የተቀመጥሁበት ሁለተኛው ግን ከ30 ሺህ ብር በላይ ሆነ። በደመወዝ ለሚተዳደር ሰው ይህ የብዙ ወራት ቁጠባ ስለሆነ፣ ደንቡ በ16 ቀን ልዩነት በ12 ወር ውስጥ እስከ አምስት ጊዜ መፈተን ይፈቅዳል ብሎ ብቻ መመዝገብ ተገቢ አይመስለኝም።

665 ያመጣ አንድ ባልደረባዬ 20 ነጥብ ለመጨመር ሊመዘገብ ሲል አጥብቄ ተቃውሜዋለሁ። ውጤቱ ከመረጣቸው ትምህርት ቤቶች አማካይ ጋር የሚስተካከል ነበር፤ የጥር መጀመሪያው የማመልከቻ ማብቂያ ሊደርስ ስድስት ሳምንት ሲቀረው ግን የማመልከቻ ድርሰቶቹን አልጀመረም፣ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉለትን አለቃውንም ገና አላነጋገረም። ያን ያህል ጠባብ ልዩነት አንድ ተፈታኝ ያለ ምንም ተጨማሪ ዕውቀት ከአንዱ ቀን ወደ ሌላው ሊያሳየው የሚችል ነው፤ ያልተጻፈ ድርሰት ግን ማመልከቻውን ያስቀረዋል። በሌላ በኩል ሁለተኛው ውጤት ዝቅ ብሎ እንዳይታይባቸው ለሚሰጉ፣ ትምህርት ቤቶቹ የሚደርሳቸው ተፈታኙ ራሱ መርጦ የላከው ውጤት ብቻ እንደሆነና ውጤቱም ለአምስት ዓመት እንደሚያገለግል ማወቁ ሥጋቱን ያቀልላቸዋል።

የትምህርት ዓምዳችሁ የአሮጌውንና የአዲሱን መለኪያ ማነጻጸሪያ ሠንጠረዥ ከየክፍሉ የነጥብ አሰጣጥ ጋር አንድ ጊዜ ቢያትምልን፣ ለእነዚህ ወጣቶችና ውጤታቸውን ለሚጠባበቁ ወላጆቻቸው ትልቅ ውለታ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የባንክ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ