ልጃችሁ «ሥራ ገባ» ሲባል

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ ውጭ አገር ትምህርት የምታወጧቸውን ጽሑፎች አዲስ አበባ ሳለሁ እየቆረጥኩ አስቀምጥ ነበር። ማመልከቻ እንዴት እንደሚሞላ፣ የኤምባሲ ቀጠሮ እንዴት እንደሚያዝ፣ ብሎክድ አካውንት (ለቪዛ ሲባል የኑሮ ገንዘብ አስቀድሞ የሚገባበትና በየወሩ ብቻ የሚለቀቅበት የባንክ ሂሳብ) ውስጥ ስንት ዩሮ መግባት እንዳለበት የተማርኩት ከእናንተ ነው። ፓስፖርት ላይ ቪዛው ከተመታ በኋላ ስላለው ኑሮ ግን ብዙም ሲጻፍ አላየሁም። ጀርመን አገር በ2025 እ.ኤ.አ. የስድስት ወር የተግባር ልምምድ ሠርቻለሁ። ከኔ በኋላ የሚመጡ ልጆች እኔ በወደቅሁበት እንዳይወድቁ ብዬ ነው የምጽፈው።

ጀርመን ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ አላት። እኔ ልምምድ ላይ በነበርኩበት ዓመት በሰዓት 12.82 ዩሮ ነበር፤ ከጥር 2026 ጀምሮ 13.90 ሆኗል። ይህን ቁጥር ብዙ ተማሪ ያውቀዋል፤ እኔም በስድስት ወር አባዝቼ ዕቅድ አውጥቼበት ነበር። ያላወቅሁት፣ የትምህርቱ አካል የሆነውን ልምምድ፣ እነሱ ፍሊሽትፕራክቲኩም (የግዴታ ልምምድ) የሚሉትን፣ ሕጉ እንደማይጨምረው ነው። ድርጅቱ የፈለገውን ይከፍላል፤ ካልፈለገም ምንም አይከፍልም። ተማሪው በራሱ ፈቃድ የሚገባበት ልምምድ ግን ከሦስት ወር በላይ ከሆነ ዝቅተኛው ደመወዝ ይከፈልበታል። በሌላ በኩል ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ተማሪ በዓመት እንዲሠራ ከተፈቀደለት 140 ሙሉ ቀን ላይ የግዴታው ልምምድ አይቀነስበትም፤ በራሱ ፈቃድ የሚገባበት ግን ይቀነስበታል። ይህን ልዩነት ሳይረዱ ውል መፈረም ከባድ ዋጋ ያስከፍላል። እኔ የፈረምኩት በወር 450 ዩሮ ነው።

ነገሩን የሚያከብደው ጊዜው ነው። ብሎክድ አካውንት 11,904 ዩሮ ነው፤ በየወሩ 992 እየተለቀቀ በአንድ ዓመት ያልቃል። እኔና አብረውኝ የተማሩት አብዛኞቹ ደግሞ ልምምድ የወጣነው በሁለተኛው ዓመት ነው። ቤተሰብ ተበድሮ ያስገባው ገንዘብ አልቋል፤ ቀኑን ሙሉ ልምምድ ላይ ስለሚዋል እስከዚያ ያኖረን የምግብ ቤትና የመጋዘን ሥራ ይቀራል። ድርጅቱ ሌላ ከተማ በመሆኑ እኔ የተማሪ ማደሪያ ክፍሌን ላለማጣት የሁለት ቤት ኪራይ ከፍያለሁ። የመኖሪያ ፈቃዴም የሚታደስበት ወር ያው ሆነና ኑሮዬን የምሸፍንበት ገንዘብ እንዳለኝ እንደገና ማሳየት ነበረብኝ።

እናቴ በዚሁ ጊዜ ለሰፈሩ ሁሉ «ልጄ ጀርመን ፋብሪካ ሥራ ገባ» ብላ ነግራለች። ደስታዋን በስልክ ስሰማ እውነቱን ለመናገር አንደበቴ ተሳሰረ። ለፋሲካ 150 ዩሮ ላክሁ፤ ወሩን በምስርና በዳቦ ጨረስኩት። አሁን ሳስበው የበደልኳት ባልላክሁላት ሳይሆን ባልነገርኳት ነው። ነግሬያት ቢሆን ኖሮ እሷ ራሷ «ተው ልጄ» ትለኝ ነበር።

ልምምዱን ግን አልጸጸትበትም። ከአለቃው ጀምሮ ሁሉም «አንተ» የሚባባልበት ቤት ነው፤ ጸጉሩ የሸበተውን ኃላፊዬን «አንተ» ላለማለት ሁለት ሳምንት ሙሉ ስሙን ሳልጠራ ከረምኩ። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ የተሳሳተ ልኬት አይቼ፣ ታላላቆች እያሉ እኔ ምን ቆርጦኝ ብዬ ዝም አልኩ። በኋላ ስነግረው «ለምን ያኔውኑ አልተናገርክም?» አለኝ እንጂ አልተቆጣም። እኛ ጨዋነት ብለን ያደግንበትን ዝምታ እዚያ ሥራው እንዳልገባህ ይቆጥሩታል።

ስንለያይ የሚሰጠው የሥራ ምስክር ወረቀትም የራሱ ቋንቋ አለው። የኔ የመጀመሪያው ረቂቅ «በሥራው ረክተናል» ይል ነበር፤ በደስታ ተቀበልኩት። ጀርመናዊ የክፍል ጓደኛዬ አንብቦ፣ ይህ አባባል በነሱ ዘንድ ለጥቂት ማለፍ ማለት እንደሆነ ነገረኝ። ጎበዝ ለሠራ ሰው የሚጻፈው «ሁልጊዜም እጅግ በተሟላ ሁኔታ ረክተናል» የሚለው ነው። ሄጄ ጠየቅሁ፤ ኃላፊዬም አስተካክሎ ፈረመልኝ። ባልጠይቅ ኖሮ ያ ወረቀት ሥራ ባመለከትኩበት ሁሉ ይከተለኝ ነበር።

ስለዚህ ጋዜጣችሁ ስለ ቪዛ እንደሚጽፈው ሁሉ ስለ ልምምድ ውልም እንዲጽፍ እጠይቃለሁ። ተማሪ የሚልኩ የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎችም ልጆቹ ከመውጣታቸው በፊት ይህን ቢያስረዷቸው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ወላጆች ደግሞ «ሥራ ገባሁ» የሚላችሁን ልጅ «ስንት ይከፍሉሃል? ቤት ኪራይህስ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ እሱ አፍሮ አይነግራችሁም።

የፈረምኩትን ውል የድርጅቱንም የኔንም ስም ሰርዤ ወደ አማርኛ መልሼዋለሁ። ልታትሙት ከፈቀዳችሁ እልክላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የማስተርስ ተማሪ፣ ከጀርመን