ዐፄ ኢዮአስን ያሸነፈው ጠመንጃ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ስለ ዘመነ መሳፍንት ሲጻፍ ጥፋቱ ሁሉ በትግራዩ ገዥ በራስ ስሑል ሚካኤል ጭካኔ ላይ ይደፈደፋል። ይህ ግማሹን ብቻ ያስረዳል።

ዐፄ ኢዮአስ በ1761 ዓ.ም. በራስ ሚካኤል ትእዛዝ ታንቀው ሲሞቱ ጎንደር ቀድማ ተለውጣ ነበር። በ1747 ዓ.ም. በልጅነታቸው ሲነግሡ የአያታቸው የእቴጌ ምንትዋብ ቋረኞች ዘመዶች ሹመቱን ይዘውታል፤ በእናታቸው በውቢት ወገን የመጡት ኦሮሞዎችም በቤተ መንግሥቱ እየበረቱ ሄዱ። ሁለቱ ሲፋጠጡ ራስ ሚካኤል ከትግራይ ተጠሩ። በምጽዋ በኩል የሚገባው ጠመንጃ በእጃቸው ነበርና ገላጋይ ተብለው የመጡት ጌታ ሆነው ቀሩ።

ዘውዱ ግን አልተሻረም፤ ዋናው ነጥብም ይኸው ይመስለኛል። ሚካኤል ራሳቸው አልነገሡም። ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸውን ዳግማዊ ዮሐንስን አነገሡ፤ እሳቸውም በጥቂት ወራት ውስጥ ሞቱ፣ በመርዝ ነው ይባላል። ቀጥሎ የመጣው ልጃቸው ዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት ገና ብላቴና ነበር። ከዚያ ወዲህ በጎንደር ንጉሥ ይቀመጣል፣ ባለ ጦሩ ይሾማል፣ ይሽራል። ሚካኤልም ቢሆኑ በ1763 ዓ.ም. ሰርባኩሳ ላይ በተባበሩባቸው መኳንንት ተሸነፉ።