እማዬ፣ ያ ልጅ ከየትም አልመጣም

ውድ እማዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? እኔ ደህና ነኝ። ይህን ነገር በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ሦስቴም ስለ ሌላ አውርተን ዘጋን። ስልክ ላይ ሁሌም ትቀድሚኛለሽ። ወረቀት ላይ ግን አታቋርጪኝም፤ ስለዚህ ጻፍኩት።

ያለፈው ቅዳሜ ነገር ነው። መኪናዋን ጥግ አስያዝሽና ሞተሩን አጠፋሽ። ቦርሳሽን ከኋላ ወንበር እንዳቀብልሽ ነገርሽኝ። መነጽርሽን ቀየርሽ። ወሬያችን ሳይቋረጥ በግራ እጅሽ በሩን ገፋ አደረግሽው። ወዲያው የጎማ ሲጥጥታ ሰማን። በብስክሌት የሚመጣ አንድ ልጅ መሪውን ጠምዝዞ በሩን በስንዝር አለፈው። አንድ እግሩን አስፋልቱ ላይ እየጎተተ ቆመ፣ ዞሮ አየን፣ ምንም ሳይናገር ሄደ። አንቺም እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርገሽ «ውይ! ከየት መጣ ይሄ?» አልሽ።

እኔ ዝም አልኩ። እስከ ቤት ድረስ ዝም እንዳልኩ ነበር፤ አንቺ አኩርፎ ነው ብለሽ ይሆናል።

እማዬ፣ ያ ልጅ ከየትም አልመጣም። ከኋላችን ነበር። ቦርሳሽን ላነሳ ስዞር በኋላ መስታወት አይቼዋለሁ። ቢጫ ሹራብ ለብሶ ቀስ ብሎ እየጋለበ ይመጣ ነበር። አይቼው ምንም አላልኩሽም፤ አንድ ቃል ብተነፍስ ይበቃ ነበር። ስለዚህ ይህን የምጽፈው አንቺን ብቻ ልወቅስ አይደለም።

ሌላም አለ። ከሰባት ዓመት በፊት የቀኝ እጄ አንጓ ተሰብሮ ስድስት ሳምንት በጀሶ መቆየቴን ታስታውሻለሽ። የሸሚዜን ቁልፍ የምትቆልፊልኝ አንቺ ነበርሽ። «ዝናብ አንሸራቶኝ ነው» አልኩሽ። ያን ቀን ዝናብ አልዘነበም። የመኪና በር ነው ከብስክሌቴ የጣለኝ።

እንዲህ ነው የሆነው። መኪናው ቆሟል፣ ሞተሩም ጠፍቷል። በአጠገቡ ሳልፍ በሩ ተከፈተ። ጠርዙ የመሪዬን ቀኝ ጫፍ ያዘው። መሪው ወደ በሩ ተጠመዘዘ፤ እኔ ደግሞ ወደ ግራ ተወረወርኩ። በግራ በኩል ያለው ደግሞ መኪና የሚሄድበት መንገድ ነው። የበሩ ምት አጥንት ይሰብራል፣ ግን የሚያስፈራው ከኋላ የሚመጣው ነው። ከእኔ ኋላ የነበረው መኪና ፍሬን ያዘ። ራሴ አጠገብ ሲቆም የጎማውን ጥርስ አየሁት። በጥርሱ መሀል አንዲት ነጭ ጠጠር ተሰክታ ነበር። እስካሁን ትታየኛለች።

በሩን የከፈቱት ሴት በአንቺ ዕድሜ ናቸው። ወርደው አጠገቤ አስፋልቱ ላይ ተቀመጡ። ከእኔ ይልቅ እሳቸው ይንቀጠቀጡ ነበር። «ልጄ፣ ከየት መጣህ? ከየት መጣህ ልጄ?» ይላሉ ደጋግመው። ያኔ ያልነገርኩሽ ብስክሌቱን ትሸጪብኛለሽ ብዬ ነው (ትሸጪው ነበር፣ አትካጂ)። ቅዳሜ ዕለት ደግሞ ዝም ያልኩት የሴትዮዋን ቃል ከአንቺ አፍ ስሰማ ስለደነገጥኩ ነው።

«ከየት መጣ?» ስትሉ ውሸት አይደለም። በእውነት አላያችሁትም። ከመኪና የሚወርድ ሰው ሳያውቀው በጆሮው ነው የሚያየው። መኪና ሲመጣ ይሰማል፤ ድምፅ ከሌለ መንገዱ ባዶ ይመስለናል። ብስክሌት ደግሞ ድምፅ የለውም። በስፖኪዮ ብናይ እንኳ ዓይናችን የሚፈልገው ሰፊውን ነገር፣ መኪናውን ነው። ብስክሌተኛ ከፊት ለፊት ሲታይ ቀጭን ነው። ስፖኪዮ የማይደርስበት ቦታም አለ፤ በር ሊከፈት ሲል ብስክሌተኛው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ውስጥ ነው።

ሒሳቡን ልስራልሽ፤ ሒሳብ ትወጃለሽ። ሳይቸኩል የሚጋልብ ሰው በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። ይህ በሰከንድ 5 ሜትር ነው። አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪጨብጥ አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል። በዚያች ሰከንድ ከመኪናሽ ርዝመት የሚበልጥ መንገድ ሄዷል። ስለዚህ በሩ ሲከፈት እሱ የኋላ መብራትሽ አጠገብ ደርሶ ከሆነ ፍሬን ኖረው አልኖረው አንድ ነው። በኤሌክትሪክ ብስክሌት በ25 ከመጣ ደግሞ በሰከንድ 7 ሜትር ይጠጋል። በሩ ከግድግዳ ይብሳል፤ ግድግዳ ቢያንስ ቀድሞ ይታያል።

አሁን ትንሽ ልቆጣሽ። ብስክሌተኛ ከፊታችን መሀል መንገዱን ሲይዝ «ምናለ ጥጉን ይዞ ቢሄድ!» ትያለሽ። ክላክስም ታደርጊያለሽ። ጥጉ ግን የበሮች ነው። የተከፈተ በር ወደ አንድ ሜትር ገደማ ወደ መንገዱ ይወጣል። የእንግሊዞቹ የመንገድ ደንብ ብስክሌተኛውን ራሱን ከቆመ መኪና የአንድ በር ስፋት ወይም 1 ሜትር ራቅ ብለህ እለፍ ይለዋል። ያ ሰው መሀል የገባው ሊያበሽቅሽ አይደለም። ከኋላ በክላክስ ወደ ጥግ የሚገፋው፣ ከጎን ደግሞ በር የሚከፍትበት፣ በሁለት ሰው መሀል ነው ያለው። አንዳንድ ከተማ የብስክሌት መስመር ብለው ቀለም የሚቀቡትም ልክ በሮቹ በሚደርሱበት ላይ ነው። በዚህ ጉዳይ ብዙ መናገር እችል ነበር፤ አንቺን ስለማያገባሽ ልተወው።

እኔ ከዚያ ወዲህ የቆመ መኪና ሁሉ እንደተኛ ውሻ ነው የሚታየኝ። የፍሬን መብራቱ ገና አሁን ነው የጠፋው? የፊት ጎማው እንደተጠመዘዘ ነው? ውስጥ መብራት በራ? በኋላ መስታወት ራስ ይታየኛል? ራስ ያልኩት ብዙ ጊዜ የወንበሩ መደገፊያ ሆኖ ይገኛል። መስታወቱ ጥቁር ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይታይም። ሰው የሚያወርድ መኪና ሳይ ፍጥነቴን እቀንሳለሁ፤ ያኔ በሩ በየትኛው በኩል እንደሚከፈት አይታወቅም። እንዲህም ሆኖ ሁሉንም በር መጠንቀቅ አይቻልም። ቁጥራቸው ብዙ ነው፣ እኔ አንድ ነኝ።

ሕጉም ቢሆን ጥንቃቄውን የሚጠይቀው ከከፋቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ቪየና ላይ የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት በአንቀጽ 24 ሌላውን መንገደኛ አደጋ ላይ እንደማይጥል ሳያረጋግጥ ማንም የመኪና በር እንዳይከፍት፣ ክፍት እንዳይተው፣ እንዳይወርድም ይከለክላል። ሹፌር ብቻ አላለም። ተሳፋሪውንም ይመለከታል፤ ማለትም እኔንም ጋቢና ስቀመጥ።

ወደ ለመንኩሽ ነገር ልምጣ። ገና አልለመንኩሽም ለካ። በሩን በቀኝ እጅሽ ክፈቺው። ይኸው ነው።

ሾፌር ወንበር ላይ እንደተቀመጥሽ አስቢው። በሩ በግራሽ ነው። የሚቀርበው ግራ እጅሽ ነው፣ እሱን ግን ጭንሽ ላይ ተዪው። ቀኝ እጅሽን አሻግረሽ መክፈቻውን ያዢ። ትከሻሽ በግድ ይዞራል፤ ትከሻሽ ሲዞር ፊትሽም አብሮ ይዞራል፣ ዓይንሽ በመስታወቱ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሰው ይህን «የደች ዘዴ» ይለዋል፣ ብስክሌት በሚበዛበት በኔዘርላንድስ ስም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 የመንገድ ደንቧ ውስጥ አስገብታዋለች። የነሱ ሹፌር በቀኝ ስለሚቀመጥ እጁ የተገላቢጦሽ ነው።

«አንገቴ አይዞርም» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ለዚህ እኮ ነው የወደድኩልሽ። እጅሽን ስታሻግሪ ግማሹን ሥራ ትከሻሽ ይሠራልሻል፤ ለአንገትሽ የሚቀረው ጥቂት ነው። ሌላም ጥቅም አለው፤ ከሩቅ የሚደርስ እጅ በሩን በርግዶ ሊከፍት አይችልም። ትንሽ ገርበብ ነው የሚያደርገው። ትከሻሽ ያመመሽ ቀን ደግሞ መጀመሪያ ስፖኪዮውን እዪ፣ በሩን መዳፍ በሚያስገባ ያህል ብቻ ክፈቺ፣ ቆም በዪ፣ በክፍተቱ ወደ ኋላ ተመልከቺ። ቦርሳሽ የትም አይሄድም።

አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ላይ በር ልትከፍቺ ስትይ ከኋላ የሚመጣ ካለ መብራት የሚያበራ፣ የሚጮህ ነገር ይገጠማል። ያንቺ አሮጊት ግን የመስታወት መጥረጊያዋም በልመና ነው የሚሠራው፤ ከእሷ ይህን አልጠብቅም።

የልጆቼንም ነገር አደራ። ኋላ ሲቀመጡ ገና መኪናው ሳይቆም እጃቸው መክፈቻው ላይ ነው። የኋላ በሮቹ ጠርዝ ላይ ትንሽ የሕፃናት መቆለፊያ አለ። እሱን ዝጊውና እኔ ወይም አንቺ ከውጭ እንክፈትላቸው፣ በእግረኛው በኩል። ይጮሁ። አንቺን አንሰማም ካሉ «አባታችሁ ነው ያዘዘው» በያቸው፤ ጥላቻው በእኔ ይሁን።

ስመጣ በበሩ መክፈቻ ላይ ቀይ ሪባን አስርልሻለሁ። አስቀያሚ ነው፣ ታውቂዋለሽ፣ ግን ግራ እጅሽ በልማድ ሲሄድ ይነካውና ያስታውስሻል። ከወር በኋላ እጅሽ ሲለምድ ፈትተሽ ጣዪው።

የዚያችን ሴትዮ ነገር ደግሞ ስንገናኝ በደንብ አጫውትሻለሁ። ሆስፒታል ድረስ ተከትለውኝ መጥተው ነበር፤ እንዳትመጪ ብዬ ለአንቺ ያልደወልኩት ሰዓት ላይ አጠገቤ የተቀመጡት እሳቸው ናቸው።

እሁድ እመጣለሁ። በብስክሌት ነው፣ አትጨነቂ። የቤቱን በር እንኳን እንዳሻሽ በርግደሽ ክፈቺልኝ።

የሚወድሽ ልጅሽ