ጉዳዩ፦ ኢንተርኔት ሲጠፋ ስለሚዘጋው የትምህርት ቤታችን ኢንትራኔት እና ስለተያዘብን ፋይል

ለሲስተሙ አቅራቢ ድርጅት
አዲስ አበባ

ባሕር ዳር የምንገኝ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነን። ኢንትራኔት፣ ማለትም በግቢ ውስጥ ኔትወርክ ብቻ የሚሠራ ገጽ፣ የፈለግነው ለጌጥ አልነበረም። ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሳይመለስ ሲቀር፣ ኖት በቴሌግራም መላክ ቀረ። መምህራን ወርክሺት በፍላሽ ይዘው ከቢሮ ቢሮ ሲዞሩ ከረሙ። ቫይረሱም አብሮ ዞረ። ስለዚህ አንድ ሰርቨር ግቢያችን ይቀመጥ፣ በኬብልና በዋይፋይ ይዳረስ፣ ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም ይሥራ አልን። ይህንኑ በጽሑፍ ሰጥተናችኋል። ወኪላችሁም “ችግር የለም” ብሎ ፈርሟል።

በሞዴል ፈተና ሰሞን መስመሩ ጠፋ። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ኮምፒውተር ላብ ገብተው ተቀምጠዋል። መምህሯ ገጹን ስትከፍት ነጭ ስክሪን፣ መሃሉ ላይ የሚሽከረከር ክብ። ቆይቶ “ላይሰንሱን ማረጋገጥ አልተቻለም” የሚል መልእክት መጣ። ሰርቨሩ እኮ ከግድግዳው ወዲያ ነው፤ የፋኑ ድምፅ ይሰማል! የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ይሄ ነው፤ ያውም ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ከተማ። ቴክኒሻናችሁን ስንጠይቅ፣ ሲስተሙ ከእናንተ ዋና ሰርቨር ፈቃድ ካላገኘ እንደማይከፈት ነገረን። የፊደል ፎንቱ ሳይቀር ከኢንተርኔት ነው የሚጫነው። ታዲያ ይሄ ምኑ ኢንትራኔት ነው?

ሌላው የስም ነገር ነው። ተማሪ ሲመዘገብ “የቤተሰብ ስም” ካልተሞላ ሲስተማችሁ አያሳልፍም። የሆም ሩም መምህራንም ሳይወዱ የአያት ስም ይሞሉበታል። ሮስተሩን የሚደረድረው ደግሞ በዚያ ነው። ሀብታሙ የሚባለው ልጅ፣ አያቱ ፈንታ ስለሆኑ ብቻ ከዝርዝሩ ግርጌ ይገኛል። ማርክ ሊስቱ እንደገና በእጅ ይደረደራል። ውጭ አገር የተሠራ ቢሆን ይሁን እንል ነበር፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ ይሄን መሳት ግን ይገርማል። ጳጉሜን የማያውቀውን ካላንደራችሁን ለጊዜው እንለፈው።

እስከዚህ ድረስ ይስተካከላል ብለን ታግሰናል። ያልቻልነው ይሄን ነው፦ “ይዘታችንን አውጥታችሁ ስጡን” ስንላችሁ ተጨማሪ ክፍያ ጠየቃችሁን። ኖቱን የጻፉት የእኛ መምህራን ናቸው። የፈተና ባንኩን ያዘጋጁት እነሱ ናቸው። በራሳችን ሰርቨር ላይ ያለ የራሳችን ሥራ በምን ሒሳብ ይሸጥልናል?

ሲስተም ስንመርጥ ነፃ ሶፍትዌሮችን፣ ለድረ ገጽ መሥሪያ ዎርድፕረስን ወይም ለኦንላይን ትምህርት መስጫ ሙድልን፣ አስበን ነበር። ወኪላችሁ “ነፃ ነገር ዋስትና የለውም” ብሎ አስተወን። ሙድል በፈረንጆቹ 2002፣ ዎርድፕረስ በ2003 ወጡ፤ ዛሬም ይታደሳሉ። ኮዳቸው ክፍት ነው። ያለ ኢንተርኔት በውስጥ ኔትወርክ ይሠራሉ፤ ዳታቤዙንም ባለቤቱ በፈለገ ሰዓት ገልብጦ ያወጣዋል። ቢበላሹ እንኳ የተጻፉበትን የፕሮግራም ቋንቋ፣ ፒኤችፒን፣ የሚችል ልጅ እዚሁ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ አይጠፋም። የእናንተን ሲስተም የሚያውቀው ግን ያው አንዱ ቴክኒሻናችሁ ነው፤ እሱም ስልክ ሲያነሳ።

አሁን የምንፈልገው ግልጽ ነው። የዳታቤዙን ሙሉ ቅጂና የተጫኑትን ፋይሎች፣ ሌላ ሲስተም ሊያነበው በሚችል መልክ፣ ያለ ክፍያ አስረክቡን። የሰርቨሩ የአድሚን ፓስወርድም ለእኛ ይሰጥ። ቀሪውን ክፍያ ርክክቡ እስኪያልቅ ይዘነዋል። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል ተብሎ ለተፈረመው ሥራ የከፈልነው ቅድሚያ ክፍያም እንዲመለስልን እንጠይቃለን። መልሳችሁን በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንጠብቃለን፤ በስልክ የሚሰጥ ተስፋ ሰልችቶናል። ካልሆነ ውላችንን ይዘን ወደ ሕግ እንሄዳለን።

ከሰላምታ ጋር
የአይሲቲ ክፍል ተጠሪ

ግልባጭ፦
ለርዕሰ መምህር ቢሮ
ለወላጅ መምህር ኅብረት
ለፋይናንስ ክፍል
ባሕር ዳር