ከኋላ ያለው ክምር፦ የፊልም ክበባችን ዓመት

የፊልም ክበባችን ዘንድሮ አንድ ፊልም ላይ ከረመ። ሌሎችንም አይተናል። ግን ከጥቅምት እስከ ግንቦት እየተመላለስን ያየነው አንዱን ነው። ርዕሱ «ሃው ግሪን ዋዝ ማይ ቫሊ» ይባላል፤ «ሸለቆዬ እንዴት ለምለም ነበር» እንደ ማለት ነው። ጆን ፎርድ ዳይሬክት ያደረገው የሆሊውድ ፊልም ነው፤ የወጣውም እ.ኤ.አ. በ1941። ታሪኩ በዌልስ፣ በአንድ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች መንደር ስለሚኖር የሞርጋን ቤተሰብ ነው።

አባሎቻችን ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንገናኛለን። የቀረውን ቦታ ለፊልሙ ልስጠው።

የመጀመሪያው ሐሙስ ጥሩ አልጀመረም። ምስሉ ጥቁርና ነጭ መሆኑ ሲታይ ጉርምርምታ ተነሳ። «ቲቸር፣ ከለሩ ተበላሽቶ ነው?» አለ አንዱ ከኋላ ወንበር። ፊልሙን አቁሜ ነገርኳቸው። መጀመሪያ የታሰበው ዌልስ ሄዶ በቀለም ለመቅረጽ ነበር። ግን ጦርነት ሆነ። ብሪታንያ በቦምብ ስትደበደብ እዚያ ሄዶ ፊልም መሥራት አልተቻለም። ስለዚህ መንደሩን በሙሉ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ማሊቡ አጠገብ ባሉት ተራሮች ላይ ሠሩት። የድንጋይ ቤቶቹን፣ ሽቅብ የሚወጣውን መንገድ፣ ከላይ ያለውን የማዕድን ጉድጓድ፣ ሁሉንም። የካሊፎርኒያ ተራራ በቀለም ቢቀረጽ ዌልስን አይመስልም፤ ጥቁርና ነጭ ሆኖ የቀረው አንድም ለዚህ ነው። ትንሹን ልጅ ሂውን ሆኖ የሚጫወተው ሮዲ ማክዶዋልም ከዚያው ጦርነት የሸሸ ልጅ ነው። በ1940 ከለንደን ከእናቱና ከእህቱ ጋር ወደ አሜሪካ ሄደ። ሲቀረጽ ገና 12 ዓመቱ ነበር። ይህን ከሰሙ በኋላ ጉርምርምታው ጠፋ። የታናሽ ወንድሞቻቸው እኩያ መሆኑ ነው መሰለኝ የነካቸው።

ፊልሙ የሚጀምረው በአንድ ሽማግሌ ድምፅ ነው። ፊቱን አናየውም። ከሸለቆው ለዘላለም ሊሄድ ዕቃውን እየሸከፈ ነው። የሚሸክፍበት ጨርቅ እናቱ ገበያ ስትወጣ ትለብሰው የነበረ ሻል ነው። እዚህ ላይ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ «የእናት ነጠላ» ብላ አንሾካሾከች። ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ያን ሻል «ነጠላው» እያልን ነው የጠራነው።

ቀጥሎ የደመወዝ ቀን ይመጣል። ወንዶቹ ፊታቸው በጥላሸት ጠቁሮ፣ እየዘመሩ ቁልቁል ይወርዳሉ። እናትየው ደጃፍ ላይ ሽርጧን ዘርግታ ተቀምጣለች። አባትየውና ልጆቹ አንድ በአንድ ያገኙትን ሳንቲም እጭኗ ላይ ይጥላሉ። ከዚያ ጓሮ ገብተው በሙቅ ውሃ ይፈተጋሉ። ቃል የለም ማለት ይቻላል። አንድ ቤት እንዴት እንደሚተዳደር በሁለት ደቂቃ ይገባችኋል።

ከዚያ ደመወዝ ይቀነሳል።

አባትየው፣ ዶናልድ ክሪስፕ የሚጫወተው ግዊሊም ሞርጋን፣ ምክንያቱ የከሰል ዋጋ መውረዱ ነው ይላል። ልጆቹ አይስማሙም። ዳውላይስ ያለው የብረት ፋብሪካ ተዘግቷል፤ ሥራ ያጣው ሰው ወደ እኛ ሸለቆ መጥቷል፤ በተገኘው ክፍያ የሚሠራ ሰው እያለ ለእኛ ማን ይከፍለናል ይላሉ። ስለዚህ የሠራተኛ ማኅበር ያስፈልገናል ነው የሚሉት። አባት ደግሞ ጥሩ ሠራተኛ ጥሩ ዋጋ አያጣም ብሎ ያምናል። ይህ ክርክር የሚካሄደው ማዕድ ላይ ነው። በዚያ ቤት ደግሞ ማዕድ ላይ ሳይፈቀድ መናገር ነውር ነው። በመጨረሻ ትልልቆቹ ልጆች ከማዕዱ ተነሥተው፣ ቤቱንም ጥለው ይወጣሉ። ጠረጴዛው ባዶ ይሆናል። ትንሹ ሂው ብቻ ይቀራል። አባቱ ቀና ብሎ አያየውም። ልጁ ማንኪያውን ከሳህኑ ጋር ቀስ አድርጎ ያጋጫል። አባትየው ሳያየው «አዎ ልጄ፣ እንዳለህ አውቃለሁ» ይለዋል።

ይህችን ትዕይንት ስንት ጊዜ እንዳየናት አልቆጠርኩም። ክበቡ ለሁለት ተከፈለ። የልጆቹ ወገን የሆኑት በዙ። ግን የአባትየው ወገኖችም ቀላል አልነበሩም። አንድ የ12ኛ ክፍል ልጅ «ልጆቹ ልክ ናቸው፤ አወጣጣቸው ግን ልክ አይደለም» አለ። ሌላዋ መለሰችለት፦ «ሳይወጡ እንዴት ይሰማቸዋል?» እኔ መሃል አልገባሁም። በየቤታቸው ያለ ጉዳይ ነው። አባት ሲናገር ዝም ማለት ያደጉበት ነገር ነው። ስለ ሩቅ አገር ቆፋሪዎች እያወሩ ስለ ራሳቸው ቤት ሲያወሩ ሰማኋቸው።

የኢኮኖሚክስ መምህራችን አንድ ሐሙስ መጥተው የደመወዙን ነገር አስረዱን። ለዚህ በጣም አመሰግናቸዋለሁ። በደቡብ ዌልስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የቆፋሪው ደመወዝ ከከሰል ገበያ ጋር የታሰረ ነበር። ከሰል ሲወደድ ደመወዝ ይወጣል፣ ሲረክስ ይወርዳል። ሰሌዳ ላይ ሁለት መስመር ሣሉልን። አንደኛው የዋጋው፣ ሁለተኛው የሰውየው ጉልበት። ዋጋው ይዋዥቃል፤ ጉልበቱ ግን ቀጥ ያለ መስመር ነው። ሰውየው በየቀኑ ያንኑ ያህል ይቆፍራል። በ1898 ቆፋሪዎቹ ይህን አሠራር ተቃወሙ፤ ባለቤቶቹም ማዕድኑን ዘጉባቸው። ስድስት ወር ገደማ ቆየ። ቆፋሪዎቹ ተሸንፈው ተመለሱ። ግን በዚያው ዓመት የደቡብ ዌልስ ማዕድን ቆፋሪዎች ፌዴሬሽንን መሠረቱ።

በፊልሙ ውስጥ አድማው 22 ሳምንት ይፈጃል። ክረምት ይገባል፣ በረዶ ይወርዳል። አባትየው አድማውን ስለተቃወመ ጎረቤት ፊቱን ያዞርበታል፣ መስኮቱም በድንጋይ ይመታል። አንድ ሌሊት እናትየው ሂውን አስከትላ በበረዶው መሃል ተራራው ላይ ወደተሰበሰቡት ሰዎች ትወጣለች። ባሌን የነካ በእጄ ነው የሚሞተው ትላቸዋለች። ሲመለሱ እናትና ልጅ በረዶ የሞላው ውሃ ውስጥ ይወድቃሉ። እኛ ጋ ልክ እዚህ ላይ መብራት ጠፋ። ቀሪውን ለማየት አንድ ሳምንት ጠበቅን። በዚያ ሳምንት በየኮሪደሩ «ልጁ ይድናል?» ያላለኝ አባል የለም። አልነገርኳቸውም። (ይድናል፤ እግሮቹ ግን ለረጅም ጊዜ አይሠሩም።)

አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ከክበቡ የመጣም ነው። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሁለት ደቂቃ የቀረው ነው። ሁለት ተማሪዎች ሰዓት ይዘው የአድማውን ክፍል ለኩ። 22 ሳምንቱ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። የት ሄደ? የስቱዲዮው ኃላፊ ዳሪል ዛኑክ ከሠራተኞቹ ትግል ይልቅ የቤተሰቡ ታሪክ እንዲጎላ ፈልጎ ነበር። ፎርድም ልቡ ከአባትየው ጋር ነው። ትዝታው ሁሉንም ነገር ያለሰልሰዋል። እኔ ፊልሙን እወደዋለሁ። ግን ልጆቹ ያነሡት ጥያቄ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ በዚያ 22 ሳምንት ሰው ምን በላ?

ለማነጻጸር በየካቲት «ብላክ ፊዩሪ»ን አየን። የ1935 ፊልም ነው፤ ማይክል ከርቲዝ ነው ዳይሬክት ያደረገው። ፖል ሙኒ በፔንስልቬንያ ያለ ቆፋሪ ሆኖ ይጫወታል። መነሻው እውነተኛ ታሪክ ነው። በ1929 እዚያው ግዛት ውስጥ አንድ ቆፋሪ የከሰል ኩባንያዎች በሚቀጥሯቸው የግል ፖሊሶች ተደብድቦ ሞቷል። ፊልሙ ቁጣ አለው። ልጆቹ ከመጀመሪያው ይልቅ በዚህ ተነቃቁ። ግን ጥፋቱን ሁሉ ከውጭ በገቡ ነገረኞች ላይ መጣሉ አላሳመናቸውም፣ እኔንም አላሳመነኝም።

ስለ ትምህርት ቤቱ ትዕይንት ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። ሂው ድኖ ከሸለቆው ማዶ ትምህርት ቤት ይገባል። መምህሩ አቶ ጆናስ በልብሱና በቆፋሪ ልጅነቱ ይዘባበትበታል፤ ቆይቶም ጀርባው እስኪተለተል ይገርፈዋል። በኋላ የመንደሩ ቦክሰኛ ዳይ ባንዶ ክፍል ድረስ መጥቶ፣ ቦክስ ላስተምር ብሎ፣ መምህሩን ይመታዋል። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም። ጆናስን ሳይ አንድ ነገር ይዞኝ ነበር። በቀጣዩ ሐሙስ ስለዚህ ብቻ እንድንነጋገር ጠየቅኳቸው። ልጆቹ ስለ ዱላ ሳይሆን ስለ ንግግር አወሩ። መምህር ሰው ፊት ስለ ቤተሰባችሁ የተናገራት አንዲት ቃል ከዱላ ትብሳለች አሉ። ይህን ስሰማ ብዕሬን አስቀምጬ ነው ያዳመጥኩት። ሌሎች መምህራንም ቢሰሙት ብዬ ነው እዚህ የጻፍኩት።

አሁን ወደ ክምሩ ልምጣ።

በመጋቢት አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ደብተር ይዛ መጣች። ፊልሙን ለብቻዋ ደግማ አይታው ነበር። «ቲቸር፣ ከቤቶቹ በላይ ያለውን ጥቁር ነገር አይተኸዋል?» አለችኝ። ከጉድጓዱ የሚወጣው የከሰል ቆሻሻ ነው። ተራኪው መጀመሪያ ላይ ያነሣዋል፤ ያኔ ክምሩ የተራራውን ጎን መሸፈን ገና እየጀመረ እንደነበር ይናገራል። ልጅቷ ክምሩ የሚታይባቸውን ቦታዎች በሙሉ በደቂቃ ለይታ ጽፋለች። እኔ ይህን ፊልም ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሁልጊዜ ሰዎቹን ነበር የማየው።

ከዚያ ክምሩ መጨረሻው ምን ሆነ ብለን መፈለግ ጀመርን። አበርቫንን አገኘን።

አበርቫን ፊልሙ ውስጥ የሚነሣው ዳውላይስ ባለበት በመርተር ቲድቪል አካባቢ ያለ መንደር ነው። ከተራራው ላይ ሰባት የከሰል ቆሻሻ ክምሮች ነበሩ። ሰባተኛው የተከመረው ምንጭ ላይ ነው። በ1963 የአካባቢው አስተዳደር መሐንዲስ ከትምህርት ቤቱ በላይ የሚጣለው ቆሻሻ አደገኛ ነው ብሎ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ጥቅምት 21 ቀን 1966፣ እ.ኤ.አ. ነው፣ ዓርብ ጠዋት፣ ልክ ትምህርት ሲጀመር፣ ክምሩ ተንዶ የፓንትግላስ ትምህርት ቤትን ዋጠው። 116 ሕፃናትና 28 አዋቂዎች ሞቱ። ከአዋቂዎቹ አምስቱ መምህራን ናቸው። ለቀጣዩ ሳምንት ዕረፍት ሊወጡ ያ ቀን የመጨረሻቸው ነበር። አጣሪው ጉባኤ ተጠያቂው ብሔራዊ የከሰል ቦርድ ነው ብሎ ወሰነ። ሆኖም የቀሩትን ክምሮች ለማንሣት ለተጎጂዎች ከተዋጣው ገንዘብ ላይ 150,000 ፓውንድ ተወሰደ። የተመለሰው በ1997 ነው።

ይህን ያነበብነው ጮክ ብለን ነው፤ ተራ በተራ። ስንጨርስ ማንም ወንበሩን አላንቀሳቀሰም።

ልጆቹ በዚያ አላቆሙም። የ1913ቱን የሴንግሄኒዝ ፍንዳታ አገኙ፤ በብሪታንያ የማዕድን ታሪክ ከባዱ አደጋ ነው። 439 ቆፋሪዎችና አንድ የነፍስ አድን ሠራተኛ ሞተዋል። የማዕድኑ ሥራ አስኪያጅ 24 ፓውንድ ተቀጣ። ሒሳብ የሚወድ አንድ ልጅ አካፈለው። ያኔ አንድ ፓውንድ 240 ፔኒ ነበር። ለአንድ ሰው ሕይወት 13 ፔኒ ገደማ ደረሰ። ስሌቱን ሰሌዳው ላይ ጽፎ ተቀመጠ። የጽዳት ሠራተኛችን በማግስቱ ሊያጠፉት ሲሉ ጠይቀውት፣ ከነገራቸው በኋላ አንድ ሳምንት ሳያጠፉት አቆዩት።

በሚያዝያ ከሚኒ ሚዲያ ጋር ሆነን ስለ ሁለቱ አደጋዎች የግድግዳ ጋዜጣ አወጣን። ወላጆች ቀን ላይ ብዙ ሰው ቆሞ አንብቦታል። የቤተ መጻሕፍት ኃላፊያችን ሐሙስ ሐሙስ እስኪመሽ በሩን ከፍተው ስለጠበቁን እግዚአብሔር ይስጥልን።

የዓመቱ የመጨረሻ ስብሰባ ግንቦት ውስጥ ነበር። ምን እንይ ብዬ ብጠይቅ መጀመሪያውን እንድገመው አሉ። ሻሉን አየነው፣ ሸለቆውን አየነው። የደመወዙ ቀን መጣ። ወንዶቹ እየዘመሩ ሲወርዱ ያቺ የ11ኛ ክፍል ተማሪ አቁምልኝ አለች። አቆምኩት። ተነሥታ ፊልሙ ወደሚታይበት አንሶላ ሄደች። ብርሃኑ ፊቷ ላይ አረፈ። ጣቷን ከቤቶቹ በላይ፣ ተራራው ጎን ላይ አደረገች።

«እዚህ ጋ ገና ትንሽ ናት» አለች።