ፊዚክስ ቤተ ሙከራ ተማሪው ዘንድ ዋጋ እንዲያገኝ፦ ለትምህርት ሚኒስቴር የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ትምህርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ምዘና እንዲሻሻል ስለመጠየቅ

እኛ ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ፊዚክስ የምናስተምርና ቤተ ሙከራ የምናደራጅ ባለሙያዎች ነን። ተማሪን "ላብ ምን ይጠቅምሃል?" ብሎ የጠየቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት መልስ አንዱን ይሰማል፦ "ቲዎሪውን ለማረጋገጥ" ወይም "ለነጥብ"። ተማሪው ይህን የሚለው ሰንፎ አይደለም፤ ያየውን ነው የሚናገረው። ማኑዋሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተጽፎ ይሰጠዋል። መልሱን ገና ሳይጀምር ያውቀዋል። ሪፖርቱም የሚታረመው ለዚያ መልስ በመቅረቡ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ደግሞ በምርጫ ጥያቄ ስለሚሰጥ፣ ሽቦ በእጁ ነክቶ የማያውቅ ልጅም ጥሩ ውጤት ያመጣበታል።

ሁሉም የሚያውቀውን፣ የመሬት ስበት ፍጥንጥነት (ጂ) የሚለካበትን የፔንዱለም ሙከራ እንውሰድ። 1 ሜትር ክርና አንድ የብረት ዳዶ ይበቃዋል። ክሩ ሚስማር ላይ ከታሰረ ሲወዛወዝ እየተጠመጠመ ርዝመቱ ስለሚቀያየር፣ በሁለት ጠፍጣፋ እንጨቶች መሀል ተጣብቆ መያዝ አለበት። ርዝመቱ የሚለካው ክሩ ከተያዘበት ቦታ እስከ ዳዶው መካከል ነው፤ 1 ሴንቲ ሜትር መሳት ጂን በ1 በመቶ ያዛባል። ከ10 ዲግሪ ባልበለጠ ዘንበል ተደርጎ ይለቀቅና የ20 ደርሶ መልስ ጊዜ ይለካል። 20 የሆነው በምክንያት ነው። ጣት ስቶፕዎች ላይ ወደ 0.2 ሰከንድ ይስታል። አንድ ደርሶ መልስ 2 ሰከንድ ገደማ ስለሚፈጅ፣ እሱን ብቻ የለካ ልጅ ጂን እስከ 20 በመቶ ሊስት ይችላል። 20 ሲለካ ግን ስህተቱ ወደ 1 በመቶ ይወርዳል። ማኑዋሉ "20 ቁጠር" ይላል እንጂ ይህን አይነግረውም።

በአዲስ አበባ ከፍታ ጂ 9.78 ሜትር በሰከንድ ካሬ አካባቢ ስለሆነ፣ 20 ደርሶ መልስ 40.2 ሰከንድ ያህል ይወስዳል። ተማሪው ዳዶውን ሲለቅ "አንድ" ብሎ ይጀምርና "ሃያ" ሲል ሰዓቱን ያቆማል። ያለፈው ግን 19 ብቻ ነው፤ ስቶፕዎቹ 38.2 ያሳያል። ለ20 አካፍሎ በቀመሩ ሲያሰላው ጂ 10.8 ይወጣለታል። ትልቁ ትምህርት ያለው እዚህ ላይ ነበር፦ ክሩ ነው? ሰዓቱ ነው? አቆጣጠሬ ነው? ተማሪው ግን 10.8 ብሎ ከጻፈ ነጥብ እንደሚቀነስበት ያውቃል። ስለዚህ 38.2ን አጥፍቶ 40.1 ይጽፋል። ያን ቀን የተማረው ዳታ መፍጠርን ነው፤ ይህ ያሳዝነናል።

ችግሩ በዕቃ ብቻ የሚፈታ አይደለም። በአሜሪካ ናታሻ ሆልምስና የ2001 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን በ3 ተቋማት 9 የመግቢያ ፊዚክስ ኮርሶችን መርምረው፣ ቲዎሪን ለማጠናከር ተብሎ የተዘጋጀውን ላብ የወሰዱት ካልወሰዱት በፈተና ውጤት እንዳልተሻሉ አሳይተዋል። እነዚያ ቤተ ሙከራዎች የዕቃ ድሆች አልነበሩም።

ስለዚህ አስቀድመን የምንጠይቀው ፈተናውን ነው። የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ለመቶ ሺዎች የተግባር ፈተና ይስጥ አንልም። የምርጫ ጥያቄው ራሱ ሊለወጥ ይችላል፦ "1 ሜትር ክር፣ 20 ደርሶ መልስ፣ 38.2 ሰከንድ፤ ተማሪው ምን ተሳስቶ ሊሆን ይችላል?" ይህን ለመመለስ ቀመር መሸምደድ ብዙም አይረዳም፤ ክሩን የያዘ ልጅ ግን ያውቀዋል። በየዓመቱ እንዲህ ያሉ አራት አምስት ጥያቄዎች ከወጡ፣ ቤተ ሙከራው ያለ ማስታወቂያ ይሞላል።

የላብ ሪፖርት አስተራረምም በመመሪያ ይለወጥ። ነጥቡ ለ9.8 መሆኑ ይቅርና፣ ላልተሰረዘ የመጀመሪያ ዳታ፣ ለስህተት ግምትና "ለምን ተለያየ?" ለሚለው ማብራሪያ ይሁን። 10.8 አግኝቶ የአቆጣጠር ስህተቱን የደረሰበት ተማሪ ሙሉ ነጥብ ይገባዋል።

ሌላው ጉዳይ ትንሽ ይመስላል፤ ብዙ ክፍለ ጊዜ የሚያባክነው ግን እሱ ነው። ተማሪ መልቲሜትሩን አምፔር ላይ አድርጎ በባትሪው ሁለት ጫፎች ላይ በቀጥታ ሲያገናኘው፣ በሚሊአምፔሩ መስመር ላይ ያለው ፊውዝ ይቃጠላል። ከዚያ በኋላ ቮልትና ኦም በትክክል ያነባል፣ ከረንት ላይ ግን ዜሮ ብቻ ያሳያል። "ተበላሽቷል" ተብሎ ቁም ሳጥን ይገባል። የኋላ ክዳኑን በካቻቪቴ ከፍቶ የመስታወቷን ፊውዝ በተመሳሳይ አምፔር መተካት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ፊውዝ፣ ድንጋይ ባትሪ፣ ሬዚስተርና ሽቦ ግን አላቂ ዕቃ ናቸው። አንዴ የሚገዛ መሣሪያ በዕርዳታም በግዥም ይመጣል፤ የሚያልቀውን የሚተካ ገንዘብ ከሌለ መሣሪያው ሁሉ አብሮ ይቆማል። በትምህርት ቤት የድጎማ በጀት ውስጥ ለቤተ ሙከራ አላቂ ዕቃ ራሱን የቻለ ርዕስ እንዲከፈትልን፣ ግዥውንም የፊዚክስ መምህሩና የቤተ ሙከራ ቴክኒሽያኑ በፊርማቸው እንዲጠይቁ እንዲፈቀድ እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር
የፊዚክስ መምህራንና የቤተ ሙከራ ባለሙያዎች